ሚዛኑን ወደኛ አዙሩልን

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን «የዚህች አገር ችግር የሚፈታው ፕሬዝዳንቱን ሕዝብ በቀጥታ ሲመርጥ ብቻ ነው» ብሎ ሦስት ገጽ ሙሉ አስነብቦናል። ስሙን አንጠራም፤ ጽሑፉን ያየ ያውቀዋል። ወረቀቱ ከመኝታ ክፍል መኝታ ክፍል ዞሮ የማባዣው ቀለም በእጃችን ላይ እስኪቀር ተነቧል። አጨብጫቢውም ብዙ ነው። እኛ ግን አላጨበጨብንም። ለምን እንዳላጨበጨብን በዚሁ ቅጠል ላይ በአደባባይ እንናገራለን እንጂ በኮሪደር ጥግ አናንሾካሹክም።

የወንድማችን ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 70 ፕሬዝዳንቱን የሚሰይሙት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው ይላል። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ፣ መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ዶክተር ሙላቱ ተሾመ፣ አምባሳደር ሳህለወርቅ ዘውዴ፣ አምባሳደር ታዬ አጽቀሥላሴ፣ አምስቱም በዚሁ መንገድ ተመርጠዋል፤ ሥልጣኑ ግን በጠቅላይ ሚኒስትሩ እጅ ነው። ከዚያም በፊት በ1979 ዓ.ም. መጨረሻ ብሔራዊ ሸንጎው መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ፕሬዝዳንት ሲያደርግ ተፎካካሪ አልቀረበም። «ስለዚህ» ይላል ወንድማችን፣ «ኢትዮጵያዊ መሪውን በስሙ መርጦ አያውቅም። ይህ መብት ቢኖረው ኖሮ 97 ባልደረሰብን ነበር።»

አዎን፣ በስሙ መርጦ አያውቅም። እዚህ ድረስ አብረን ነን። የምንለያየው በመጨረሻዋ ሐረግ ነው፤ እሷም ቀላል ሐረግ አይደለችም።

እስቲ ከራሳችን እንጀምር። በ97 ከእኛ ገሚሱ አልተወለደም፣ ገሚሱ አንቀልባ ላይ ነበር። ሆኖም ስለ 97 የምንጣላውን ያህል ስለምንም ነገር ተጣልተን አናውቅም። ባለፈው የገና ሰሞን ለዕረፍት ሁሩሙ ገብተን አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ስድስት ሆነን ተቀመጥን። ከመቱ የመጣ አለ፣ ከያዮ የመጣ አለ፣ የቀረነው የዚያው የሁሩሙ ልጆች ነን። አንዱ ያደገው ሁለት ጣት ማውጣት እንደ ሰላምታ በሚቆጠርበት ቤት ነው፤ አባቱ ዛሬም «ድምፃችንን ተቀማን» ይላል። ሌላው ያደገው ቅንጅት ሲባል «ያ የድሮው ሥርዓት ሊመለስብን ነው» የሚል ስጋት በገባበት ቤት ነው፤ የሱ አባት ደግሞ «ማን ቀማችሁ? መች አሸነፋችሁና!» ይላል። ሁለቱም አባቶች በአንድ ገበያ ቡና ይሸጣሉ፣ በአንድ ዕድር ይቀብራሉ። ልጆቹ ግን ቡናው ሳይቀዘቅዝ ተሰዳድበው ተለያዩ። ምን ይዘው? ምንም! አንዱ አባቱን ይዞ፣ ሌላውም አባቱን ይዞ።

ይህን ጭቅጭቅ አጠገባችን ተቀምጠው የሰሙ አንድ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። በ97 በአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ከምርጫ አስፈጻሚዎች አንዱ ሆነው ሠርተዋል። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ በማሾ ብርሃን ድምፅ ቆጥረዋል። እኛም ወዲያው ከበብናቸው፤ «ጋሼ፣ እስቲ ይንገሩን፣ ስንት ለስንት ነበር?» አልናቸው። ዳኛ ያገኘን መስሎን ነበር። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፣ የቆጠርነውን ቆጥረን፣ ወረቀቱን ፈርመን አስረክበናል። እኔ ዛሬ ቁጥሩን ብነግራችሁ አንዳችሁ ታምኑኛላችሁ፣ አንዳችሁ ትክዱኛላችሁ። ወረቀቱ ቢኖር ማመንም መካድም አይኖርም ነበር፣ ማንበብ ብቻ ነው።»

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ለእኛ ለዚህ ትውልድ ከ97 የወረስነው መጽሐፉን አይደለም፤ የወረስነው ቃሉን ነው፣ ያውም ሁለት ቃል። የወንድማችን ጽሑፍ የሳተው ይህን ነው። በ97 ችግሩ ሕዝቡ የመረጠው ሰው ስሙ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሁን ፕሬዝዳንት አልነበረም። ችግሩ ከትምህርት ቤቱ በር ተነሥቶ እስከ አዲስ አበባ የሚሄደው ቁጥር በመንገድ ላይ የሚያየው ሰው ማጣቱ ነው።

ነገሩን በቀን በቀኑ እንየው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ምርጫ ተካሄደ። ሌሊት የተሰለፈ፣ ዝናብ የመታው፣ በበቅሎ የመጣ ሽማግሌ ነበረ። በዚያው ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባ ሰልፍ ለአንድ ወር መከልከሉን አወጁ። ገና ሣጥኑ ሳይከፈት! በማግሥቱ ኢሕአዴግ አሸነፍኩ አለ። ተቃዋሚዎቹም ወዲያው አሸነፍን አሉ። እዚህ ላይ የማንም ወገን እንዳንሆን፦ ቆጠራው ሳያልቅ ድል ማወጅ የንቡም የሁለት ጣቱም ጥፋት ነበር። ሰፊው ሕዝብ ሁለት አሸናፊ ተነገረው፣ አንድ ወረቀት ግን አላየም። በአና ጎሜሽ የተመራው የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢ ቡድን በብዙ ጣቢያ የቆጠራው ውጤት በር ላይ እንዳልተለጠፈ ጽፏል። በዚህ ተናደው አቶ መለስ ለሴትዮዋ በጋዜጣ ረጅም መልስ መጻፋቸውን ሁሉም ያስታውሳል፤ የወረቀቱ ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ተረሳ።

ውጤቱ ይነገራል የተባለው ሰኔ 1 ቀን ነበር። ከዚያ ወደ ሐምሌ 1 ተላለፈ። ግንቦት 29 ቀን የስድስት ኪሎ ተማሪዎች ተቃውሞ አሰሙ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ተጭነው ተወሰዱ። ሰኔ 1 ቀን ደግሞ፣ ቁጥሩ ይወጣል በተባለበት በዚያው ዕለት፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ጥይት ተተኮሰ። ይህን አጋጣሚ አንድም የታሪክ መምህር ሲያነሣው አልሰማንም። ቁጥር የተጠበቀበት ቀን ሬሳ የተለቀመበት ቀን ሆነ።

ቅሬታ የነበረው ወዴት ይሂድ? ወደ ምርጫ ቦርድ። የቦርዱ ሰብሳቢ ማን ነበሩ? አቶ ከማል በድሪ። ቦርዱ ቢያስከፋህ ወዴት ትሄዳለህ? ወደ ፍርድ ቤት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት ማን ነበሩ? አሁንም አቶ ከማል በድሪ! የሰውየውን ሐቀኝነት አንነካም፤ የምናወራው ስለ ወንበሩ ነው። መልአክም ቢቀመጥበት ያ ወንበር ጠማማ ነው። ከብዙ ንትርክ በኋላ ነሐሴ 15 ቀን በ31 የምርጫ ክልሎች ድጋሚ ምርጫ ተደረገ፤ በመጨረሻው ቆጠራ ከ547 መቀመጫ ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ተባለ። በአዲስ አበባ ግን ቅንጅት የፓርላማውን 23 መቀመጫ በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ ደግሞ 137ቱን ወስዷል። ያም ሆኖ ከተማዋን አላስተዳደረም፤ መሪዎቹ ታሠሩ፣ በ1998 ዓ.ም. ባለአደራ አስተዳደር ተሾመ። ያሸነፉ ተመራጮች ገብተው ይሥሩ ወይስ ይቅር የሚለው ክርክር ራሱን የቻለ ሌላ ቅጠል ይፈልጋል፤ እኛ ውስጥም ስምምነት የለም፣ ዛሬ አንገባበትም።

በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ነገሩ ባሰ። ደም እንደገና ፈሰሰ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት ወደ ዴዴሳና ወደ ሌሎች ካምፖች ተጋዘ። ዴዴሳ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ከበደሌ ወደ ነቀምቴ ስንጓዝ የምንሻገረው ወንዝ ነው። «97 የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው፣ ኢሉባቦርን ምን አገባው» የምትሉ የአገራችን ልጆች ይህቺን አስቡ። የታሰሩት ልጆች የመጡት ወደኛ ደጅ ነው።

ከዚያም መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኛ ግን እንቆይበታለን፣ ምክንያቱም የቆጠራው በሽታ የድምፅ ሣጥን ብቻ እንዳልሆነ የሚታየው እዚህ ነው። ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን፣ 763 ሰው መቁሰሉን ቆጠረ። ይህ ቁጥር ጸንቷል። የጸጥታ ኃይሉ እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ ግን አባላቱ ድምፅ ሰጡ። ሰብሳቢው ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደ ሚካኤል መሸሻ አገር ጥለው ከወጡ በኋላ፣ የመጀመሪያው ድምፅ 8 ለ2 ሆኖ «ከመጠን ያለፈ ነው» ብሎ እንደነበረ መሰከሩ። በ1999 ዓ.ም. ለምክር ቤት የቀረበው ሪፖርት ደግሞ ተገቢ ነው አለ። እንግዲህ አስቡት! ሃያ ስድስት ሚሊዮን ሊጠጋ የደረሰውን መራጭ ቁጥር ተውት፤ በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ አስር ሰዎች እጃቸውን ሲያወጡ የተቆጠረው እንኳ ሁለት ሆነ። በዚያ ክፍል ውስጥ ፕሬዝዳንት በቀጥታ ይመረጥ ብትሉ ምን ይለውጣል?

ወንድማችን ኬንያን እንደ አርአያ ጠቅሷል። ጥሩ፣ ኬንያ እንሂድ። ኬንያዊ ፕሬዝዳንቱን በቀጥታ ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 መረጠ። ሦስት ቀን ቆይቶ ምዋይ ኪባኪ አሸንፈዋል ተባለ፤ በዚያው ምሽት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ከዚያ በኋላ በተነሣው ሁከት ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። የምርጫ ኮሚሽኑ ሰብሳቢ ሳሙኤል ኪቩይቱ ራሳቸው ኪባኪ ያሸነፉ መሆናቸውን እንደማያውቁ ተናገሩ። አሸናፊውን ያወጀው ሰውዬ! በኋላ ነገሩን የመረመረው በደቡብ አፍሪካዊው ዳኛ ጆሃን ክሪግለር የተመራው ኮሚሽን ወረቀቱ እንዲህ ተበላሽቶ ማን እንዳሸነፈ ማወቅ አይቻልም አለ። ልብ በሉ፣ «እገሌ ተሰረቀ» አላለም፤ «ማወቅ አይቻልም» ነው ያለው። ከዚህ የከፋ ፍርድ በምን ቋንቋ ይነገራል? እንዲያውም የቀጥታ ምርጫ ነገሩን ያከረዋል እንጂ አያረግበውም። ፓርላማ ቢያንስ ለተሸነፈው መቶ ወንበር ይተርፈዋል፤ የፕሬዝዳንት ወንበር አንድ ነው፣ የተሸነፈው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ሰው አንዲት ድምፅ ለማግኘትም ለማጥፋትም የሚከፍለው ዋጋ ይበዛል።

ያው ኬንያ ግን ከደሙ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 የምርጫ ኮሚሽኑ ከየጣቢያው የመጣውን የውጤት ቅጽ ፎቶ ማንም እንዲያየው በአደባባይ ዘረጋው። ጋዜጠኛው ደመረ፣ ተማሪው ደመረ፣ የተሸነፈው ፓርቲም ደመረ። ከሰባቱ ኮሚሽነሮች አራቱ ውጤቱን አንቀበልም ብለው እንኳ፣ ክርክሩ በወረቀት ላይ ስለነበረ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ እንጂ እንደ 2007ቱ አልሆነም።

ወይም ማላዊን እንይ፤ ከኛ የምትደኸይ አገር ናት፣ «እኛ ድሆች ነን» የሚለው ሰበብ እዚያ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 በተደረገው የፕሬዝዳንት ምርጫ ፒተር ሙታሪካ አሸነፉ ተባለ። የውጤት ቅጾቹ ሲታዩ ግን ቁጥሩ እኛ ፍሉድ በምንለው በነጩ ማጥፊያ ተቀብቶ በላዩ ሌላ ተጽፏል። ሕዝቡ ለወራት ሰልፍ ወጣ። አምስት ዳኞች የጥይት መከላከያ ለብሰው ችሎት ገብተው፣ በየካቲት 2020 ምርጫውን ሻሩት። በሰኔ ተደግሞ ተመረጠ፣ ላዛረስ ቻክዌራ አሸነፉ። እነዚያ ዳኞች ጀግኖች ናቸው፣ እሺ። ግን ጀግንነታቸው ምን ላይ ቆመ? ፍሉድ በተቀባው ወረቀት ላይ! ወረቀቱ ባይኖር ዳኛው ምን ያይ ነበር?

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከ97 በኋላ ገዥው ፓርቲ የተማረው ሌላ ትምህርት ነበር። በ2002 ከነአጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰደ። በ2007 ግንቦት 547 ከ547 ሆነ፣ ለተቃዋሚ አንድም ሳይተርፍ። ሙሉ! እንደዚህ ያለ ውጤት በፈተና ወረቀት ላይ ብናገኝ መምህራችን ጠርቶ ይመረምረናል። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 2008 ላይ፣ ጊንጪ ተነሣ፤ እሳቱ መቱም ደረሰ፣ በደሌም ደረሰ። በ2010 የካቲት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። መቶ በመቶ የተመረጠ መንግሥት! ሚዛኑ የሐሰት ከሆነ ሸቀጡን የገዛውም አይጠቅመውም፤ ሲጭነው ይጎድልበታል።

ደግነቱ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ያልታሰበ ነገር አለ። በ97 ከታሠሩት የቅንጅት መሪዎች አንዷ ዳኛ የነበረችው ብርቱካን ሚደቅሳ ናት። ተፈረደባት፣ በ1999 በይቅርታ ወጣች፣ እንደገና ታሠረች፣ በ2003 ተፈታች፣ ተሰደደች። በ2011 ኅዳር ተመልሳ የዚያው ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች። በዚያው ዓመት በወጣው የምርጫ አዋጅ የየጣቢያው ውጤት በጣቢያው እንዲለጠፍ ተደነገገ። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተካሄደው ምርጫ ብዙ ቦታ ተለጠፈም። ግን ሐቁን አንሸፋፍን፦ እዚህ በኦሮሚያ ኦነግም ኦፌኮም አልተወዳደሩም። ሚዛኑ ወደ ገበሬው ዞረ፣ ገበያው ላይ ግን አንድ ገዥ ብቻ ቆሟል። ይህን የምንለው ራሳችንን እንዳናታልል ነው፤ ወረቀት ብቻውን ምርጫ አያደርግም። ያለ ወረቀት ግን ምርጫው ከነጭራሹ ወሬ ነው።

ሚዛን ካነሣን አይቀር፦ ወንድማችን ሁሩሙ ቢመጣ አንድ ነገር እናሳየው ነበር። ቡናው በያዮ ደን ጥላ ሥር የበቀለ ነው፣ ዩኔስኮ የመዘገበው ደን ነው፣ ዝናው ትልቅ ነው። ገበሬው ግን ጀንፈሉን ጭኖ ሰብሳቢው ደጅ ሲደርስ ስለ ዝናው አያወራም። ሰብሳቢው የሱ ዘር ይሁን የሌላ፣ የሱ ሃይማኖት ይሁን የሌላ አይጠይቅም። መጀመሪያ የሚላት ነገር አንዲት ናት፤ «ሚዛኑን ወደኔ አዙርልኝ።» ማንበብ የማይችለው እንኳ ልጁን ይዞ ይመጣል፣ ልጁ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነብለታል። ብዙዎቻችን ቁጥር የተማርነው እዚያ ነው። ሰብሳቢው «አታምነኝም ወይ?» ብሎ ቢቆጣ ገበሬው አይደነግጥም፤ «አምንሃለሁ፣ ግን አዙርልኝ» ይለዋል። አስራ ሰባት ኪሎ ፈረሱላ ለመሸጥ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ አገር ሲሸጥለት ጀርባውን ይስጥ?

«እነዚህ ልጆች ትልቁን ጥያቄ በወረቀት ጥያቄ አሳነሱት» የሚል ይኖራል። አድርባይነት ነው የሚልም አይጠፋም፤ ባለፈው ሳምንት በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ላይ ሰምተነዋል። እንግዲህ እነዚህን ጀግኖች አንድ ነገር እንጠይቃቸው። ባለፈው ዓመት በዚሁ ግቢ የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዝዳንት በቀጥታ፣ በስሙ፣ በምስጢር ድምፅ መረጥን። ወንድማችን የሚመኘው ምርጫ ማለት ነው። ውጤቱ እንዴት ተነገረን? አንድ ሰው ወንበር ላይ ወጥቶ የአንዱን ስም ጠራ፣ ተጨበጨበ፣ አለቀ። ስንት ለስንት እንደሆነ ያየ አለ? የለም። ከዚያ ምን ሆነ? የተሸነፈው ወገን ተሰረቅን አለ፤ ነገሩ በሁለት ቀን ውስጥ የብሔር ሆነ፣ በሦስተኛው ቀን ድንጋይ ሆነ። ሁለት ልጆች ክሊኒክ ተኙ፣ ጠባሳው ከአንዱ ግንባር ላይ አሁንም አለ። እኛም፣ ይህን የምንጽፈው ሰዎች፣ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበርን፤ «ወረቀቱ የታለ?» ያለ ከመካከላችን አንድ ሰው አልነበረም። ገሚሳችን ያሸነፈው የኛ ሰው ስለሆነ ዝም አልን። ገሚሳችን ደግሞ ከመጠየቅ መጣላት ስለቀለለን ተጣላን። ስለ አቶ ከማል ወንበር ስንጽፍ ይህን ደብቀን ብንጽፍ ኖሮ አስመሳዮች ነን።

ስለዚህ ለወንድማችን የምንመልሰው ይህን ነው። ፕሬዝዳንታዊ ሥርዓት ይሻላል ወይስ ፓርላማዊ የሚለውን ክርክር አንሸሸውም፣ በሚቀጥለው እትም እንገናኝ። ዛሬ ግን የዘንድሮው የኅብረት ምርጫ ከፊታችን ነው። ቆጠራው በሩ ተከፍቶ፣ ተማሪው እያየ፣ እያንዳንዱ ድምፅ ጮክ ተብሎ እየተነበበ ይሁን። የቆጠሩትና የተወዳዳሪዎቹ ወኪሎች በአንድ ቅጽ ላይ ይፈርሙ። ቅጹ በዚያው ሌሊት በምግብ አዳራሹ በር ላይ ይለጠፍ፣ አንድ ቅጂ ለዚህ ቅጠል አዘጋጆች ይሰጥ፤ ስቴንስል ላይ መትተን ለሁሉም እናባዛዋለን። አስመራጮቹ ወረቀት የለንም እንዳይሉ ወረቀቱን አዋጥተን ገዝተናል። ሙጫውንም እኛ እናመጣለን።